አባቴን ከኋላ ያስቀመጥኩባት መኪና

ይህን ነገር ለስንት ሰው እንዳስረዳሁ አላስታውስም። ለጎረቤት አስረድቻለሁ፣ ለመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼ አስረድቻለሁ፣ ለአጎቴ ሁለት ጊዜ አስረድቻለሁ። አጎቴ ሁለቱንም ጊዜ እስከ መጨረሻው ሰምተው «ታዲያ ለምን ከፊት አላስቀመጥሻቸውም?» ብለውኛል። አሁን ማስረዳቱ ታክቶኛል። አንድ ጊዜ ልጻፈውና ደግሞ የሚጠይቀኝ ሰው ሲመጣ ወረቀቱን ልስጠው ብዬ ነው።

የምሠራው መካነ ሰላም ውስጥ የመሬት ጉዳይ በሚታይበት ቢሮ ነው። እንጀራዬ ወረቀት መጠርጠር ነው ማለት ይቻላል። ባለጉዳይ የይዞታ ደብተሩን ይዞ ሲመጣ ማኅተሙን ወደ መስኮቱ አዙሬ አያለሁ፣ ስሙን ከመዝገቡ ጋር አመሳክራለሁ፣ ወሰንተኞቹን አስጠርቼ እጠይቃለሁ። ባለጉዳዮች ከኋላዬ «ያቺ ሴትዮ የገዛ እናቷንም አታምን» እንደሚሉኝ አውቃለሁ፤ ቅርም አይለኝም። መኪና ስገዛ ግን ያየሁት ቀለሟንና የወንበሯን ንጽሕና ነው።

መኪና ያስገዛኝ የአባቴ ዓይን ነው። አባቴ ቁርኣን አስተማሪ ናቸው። ቤታቸው ከመካነ ሰላም ወደ ወግዲ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው፤ የዚያ ሰፈር ሰው፣ ልጁም አባቱም፣ ፊደል የቆጠረው እሳቸው ፊት ቁጭ ብሎ ነው። ዓይናቸውን መጋረጃ ነገር ሲጋርዳቸው ደሴ ወስጄ አሳየኋቸውና ግላኮማ ነው ተባልን። ሐኪሙ ነገሩን በደንብ አስረዳኝ። ይህ በሽታ የወሰደውን አይመልስም፤ ጠብታው በየቀኑ ሳይቋረጥ ከገባ፣ ግፊቱም ደሴ በየሁለት ወሩ ከተለካ፣ የቀረውን ማቆየት ይቻላል። «ቀጠሮ ካሳለፉ ግን ሳያውቁት ያልቃል፤ አያምም እኮ» አለኝ። ይህን አረፍተ ነገር ከማንም በላይ የሰማሁት እኔ ነበርኩ።

ከመካነ ሰላም ደሴ በሚኒባስ መሄድ ለጤነኛም ፈተና ነው። እስኪሞላ ትጠብቃለህ፣ ከሞላ በኋላ ደግሞ ሌላ ሦስት ሰው ይጨመርብሃል፤ ኮረኮንቹ ላይ አንጀትህ ቦታውን ይለቃል። አባቴ ከአንድ ቀጠሮ ሲመለሱ ሁለት ቀን ተኝተው አየሁና፣ ዐረብ አገር ከምትሠራው ታናሽ እህቴ ጋር ተማክረን አንዲት ትንሽ ያገለገለች መኪና ለመግዛት ወሰንን። መንጃ ፈቃዱን ካወጣሁ ቆይቷል፤ መሪ ግን ብዙ ጨብጬ አላውቅም ነበር።

ደላላው ደሴ ነበር ያገኘኝ። ወዲያና ወዲህ አስነዳኝ፣ የሞተሩን ክዳን ከፍቶ አሳየኝ፤ ካዘነበው ወሬ ሁሉ ውስጥ የገባኝ አንዱ ብቻ ነው። ዳሽቦርዱን፣ ለገበያ የወጣ በሬ ጀርባ እንደሚመታ ሰው፣ ቸብ ቸብ አድርጎ «እህቴ፣ ይቺ ኤርባግ ያላት ናት! ለሾፌሩም ለጋቢናውም! አባትሽን ይዘሽ የምትሄጂ ከሆነ ከዚህ የተሻለ ከየት ታገኛለሽ?» አለኝ። ግጭት ቢመጣ ከፊት ተነፍቶ ሰውን የሚቀበል ትራስ እንዳላት አውቅ ስለነበር ልቤ እዚያው ቀለጠ። አባቴ ጋቢና ተቀምጠው፣ ከፊታቸው ትራስ ተደብቆ ሲጠብቃቸው ታየኝ። ሊብሬውን አየሁ፣ ስሙ ትክክል ነው፣ ፈረምኩ። መኪናዋ ከዚህ በፊት የት አገር ስትነዳ እንደኖረች እንኳ አልጠየቅኩም።

መኪናዋ መካነ ሰላም የገባች ቀን ዱዓ ተደረገላት። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ጎረቤት ግቢዬ ተሰበሰበ፤ እጃችንን ዘርግተን ቆምን። አባቴ ጋቢናው ላይ ተቀምጠው፣ በሩ እንደተከፈተ፣ መዳፋቸውን ከፊታቸው ባለው ዳሽቦርድ ላይ አድርገው ረጅም ዱዓ አደረጉ። ሁላችንም አሚን አልን። የእህቴን ላብ ጠቅሰው ሲመርቁ እኔም ጎረቤቴም አለቀስን። ደስ ያለኝ ቀን ነበር፤ ይህን መካድ አልችልም።

ሁለት ቀጠሮ እንዲህ በሰላም ሄድን። ከዚያ እህቴ ደወለች።

«የአሠሪዎቼ መኪና ደብዳቤ መጣባት» አለችኝ። «ፋብሪካው ነው የጻፈው። የጋቢናው ኤርባግ ግጭት ሲመጣ ከመነፋት ይልቅ ማቀፊያ ብረቱን ሰባብሮ ሰው ላይ ይረጫል፣ አምጡና በነፃ እንቀይርላችሁ ይላል። የአንቺ መኪና እኮ እንደዚያችው ናት፤ በላክሽው ፎቶ አይቻታለሁ። የሻንሲ ቁጥሯን ላኪልኝ።»

ላክሁላት። እሷም ሰዎቹ ቁጥር በሚያስገቡበት ድረ ገጽ ላይ አስገብታ አየችው። መልሳ ስትደውል ድምፅዋ ተቀይሯል። «እዚህ ነው የኖረችው፤ ከእኛ አገር በፊት እዚህ ስትነዳ ነበር። ለጥገና ተጠርታ ባለቤቷ ሳይወስዳት ሸጧታል። ያልተጠገነች ነው የሚለው። እስክትጠገን ድረስ ጋቢናው ላይ ሰው አታስቀምጡ ይላል። ወላሂ እንደዚህ ነው የሚለው።» ሙቀትና ወበቅ የቆየበት ኤርባግ ይብሳል የሚልም አለው አለችኝ። መኪናዋ ዕድሜዋን የጨረሰችው እዚያ በረሃ ውስጥ ነው።

በማግሥቱ መካነ ሰላም ያለ አንድ መካኒክ ዘንድ ወሰድኳት። ቅን ሰው ነው። ቁልፉን አዙሮ የዳሽቦርዱን መብራቶች አየና «የኤርባግ መብራት አልበራም፤ ጤነኛ ናት» አለኝ። የእህቴን መልእክት ሳነብለት ግን እጁን ከዳሽቦርዱ ላይ አነሣ። «ነቅለህ አውጣልኝ» አልኩት። «ይሄ ፈንጂ እኮ ነው፤ እኔ ልጆች አሉኝ» አለኝ። አልተቀየምኩትም። ከዚያ በፊት ለዓመታዊ ምርመራ ስወስዳትም ፍሬን አይተው፣ መብራት አይተው፣ ጥሩንባ አስነፍተው ቦሎዬን ሰጥተውኛል፤ ስለ ኤርባግ የጠየቀኝ አልነበረም።

አዲስ አበባ የዚያ ፋብሪካ ተወካይ ነን የሚሉ ሰዎች ጋ ደወልኩ። ስልክ የምታነሣው ልጅ ትሕትናዋ ለጉድ ነው። ቁጥሩን ተቀበለችኝ፣ አረጋገጠችልኝ፣ «አዎ እትዬ፣ የእርስዎ መኪና ከሚቀየርላቸው ውስጥ ናት። ዕቃው ታዟል፤ ሲመጣ እንደውላለን። እስከዚያው ማንም እንዳይነካካው፣ ጋቢናውም ላይ ሰው አይቀመጥ» አለችኝ። በየወሩ ደወልኩ። በየወሩ ታዟል። ኔትወርክ የጠፋበት ጊዜ ነበር፣ መንገድ የተዘጋበት ጊዜ ነበር፤ ሁሉም ሲከፈት ደግሜ ስደውል ዕቃው አሁንም ታዟል።

እንግዲህ ነገሬ ሁሉ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። በእኛ አገር ጋቢና የክብር ቦታ ነው። ሚኒባስ ውስጥ ቀድሞ ጋቢና የያዘ ወጣት ሽማግሌ ሲመጣ ማንም ሳይነግረው ይወርዳል። ሼህም ሆነ ቄስ፣ ወይም ከሐኪም ቤት የሚመለስ በሽተኛ፣ ቦታው እዚያ ነው። የገዛ አባትን ከኋላ ማስቀመጥ ደግሞ ሠርግ ቤት ጠርቶ በር ላይ እንደማስቀመጥ ነው። ለአባቴ እውነቱን በአንድ ትንፋሽ መናገር እችል ነበር፤ አልተናገርኩም። ለራሴ የሰጠሁት ምክንያት ዱዓው ነበር፦ እጃቸውን አስቀምጠው የመረቁት ቦታ እሱ ነው፣ ቅር ይላቸዋል፣ ልጄ በእኔ የተነሣ ከሰረች ይላሉ። ምክንያቴ ግን ሌላ ነው፤ አፍሬ ነው። የወረዳውን ወረቀት ሁሉ የምመረምር ሴትዮ በአንድ ደላላ አፍ ተሸወድኩ ብዬ ለአባቴ መንገር አቃተኝ።

ስለዚህ ዋሸሁ። ለሦስተኛው ቀጠሮ ልወስዳቸው ስሄድ የኋላውን በር ከፍቼ «አባ፣ እዚህ ይሻልዎታል፤ እግርዎን ዘርግተው ጋደም ይላሉ» አልኳቸው። አንድ ጊዜ ጋቢናውን አዩ፣ አንድ ጊዜ እኔን አዩኝ፤ ከዚያ ከኋላ ገቡ። መንገድ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ፤ የሚያውቀኝ ሰው ሁሉ ባዶ ጋቢና ሲያይ በር ከፍቶ ይገባብኛል። ለእያንዳንዱ «አይሆንም» ማለት ሲሰለቸኝ መካነ ሰላም ስንደርስ ከቢሮ የሕትመት ወረቀት ያለበት ካርቶን አምጥቼ ጋቢናው ላይ አስቀመጥኩና ቀበቶ አሰርኩበት።

ቀኑ የገበያ ቀን ነበር። በመካነ ሰላም መሀል፣ በበግ ነጂውና በእህል ጫኙ መካከል ቀስ እያልኩ አለፍኩ። ካርቶኑ ጋቢና ላይ ቀበቶ ታስሮለት፣ ሼሁ ከኋላ።

የዚያን ቀን የታየው በማግሥቱ ቢሮዬ ደረሰ። «ለወረቀት ጋቢና፣ ለአባት ኋላ» ተባለ። «ሴት ልጅ መሪ ስትጨብጥ መጨረሻው ይኸው ነው» ያሉም አሉ፤ ለእነዚህ የመለስኩትን እዚህ አልጽፈውም። ጉዳይ ሊያስፈጽሙ የመጡ አንድ ሽማግሌ ደብተራቸውን እየሰጡኝ «ልጄ፣ አባት እኮ አንድ ጊዜ ነው» አሉኝ። ማኅተሙን ወደ መስኮቱ አዙሬ አየሁ። ዓይኔ ስለሞላ ግን ምንም አልታየኝም።

ወሬው አባቴ ዘንድ እንደደረሰ ያወቅኩት በቀጣዩ ቀጠሮ ነው። ሦስት ቀን ሲቀረው ደወልኩላቸው። «ተሽሎኛል ልጄ፤ ጠብታውም አላለቀም። ይለፈኝ» አሉ። ለመንኳቸው። «ጾሙም ደርሷል፣ ከረመዳን በኋላ ኢንሻአላህ» አሉ። ድምፃቸው ደኅና ነበር። እውነቱን ልናገር፣ ስልኩን ስዘጋ ቀለል አለኝ። ካርቶን መጫን የለ፣ መዋሸት የለ፣ በገበያ መሀል አንገት ደፍቶ ማለፍ የለ። የሐኪሙን ቃል አልረሳሁትም፤ ደክሞኝ ስለነበር ወደ ጎን አደረግሁት። ከረመዳን በኋላ ደግሞ መንገድ ተዘጋ። ሲከፈት አባቴ አዝመራ አሉ። እኔም እሺ አልኩ። ሦስት ቀጠሮ እንዲህ አለፈ።

ከአዝመራው በኋላ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ፀሐዩ ግቢው ውስጥ ወለል ብሏል። የሚያስተምሯቸው ልጆች ቁርኣን ይቀራሉ፤ አባቴ እንደ ወትሯቸው የተሳሳተውን በጆሯቸው እየያዙ ያርማሉ። ለሶላት ሲነሡ ከግራቸው የነበረውን የውዱእ ማንቆርቆሪያ በእግራቸው ገለበጡት። ልጆቹ አልሳቁም። ልማድ ሆኖባቸዋል ማለት ነው። ልጆቹ ከሄዱ በኋላ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«አባ፣ እስቲ ቀኝ ዓይንዎን በእጅዎ ይሸፍኑልኝ።»

«ለምን ብዬ?»

«አፉ በሉኝ፣ አንድ ጊዜ ብቻ።»

ሸፈኑ።

«አሁን ምን ይታይዎታል?»

ተቆጡ። «ምን ሊታየኝ ነው? ጨለማ ነዋ!» አሉ። በዚያ ፀሐይ።

ጠብታውን ጠየቅኳቸው። በረመዳን ቀን ቀን ትተውት፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ እንዳያልቅባቸው አንድ ቀን እያለፉ ሲጨምሩት ከርመዋል። እንዳያልቅ የቆጠቡት፣ ማለቁን ከነገሩኝ ደሴ ልውሰድዎ ስለምል ነው።

በማግሥቱ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ተነሣን። የኋላውን በር ስከፍት ራሳቸው ገብተው ተቀመጡ። ደሴ ስንደርስ ሐኪሙ ብዙ ቆየባቸው። የግራው አብቅቷል፣ ከቀኙም የቀረው መሀሉ ብቻ ነው አለኝ። በቁልፍ ቀዳዳ እንደሚያይ ሰው፣ ፊት ለፊት ያለው ይታያቸዋል፣ ዳርና ዳሩ የለም። ፋይሉን እያገላበጠ «እነዚህን ቀጠሮዎች ምን ሆናችሁ ነው?» አለኝ።

ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀመጥን። አባቴ «አልሐምዱሊላህ፤ የቀረች አለች» አሉ። ያኔ ነው የነገርኳቸው። ደላላውን፣ የእህቴን ስልክ፣ የሻንሲ ቁጥሩን፣ ብረቱን፣ ካርቶኑን፣ አዲስ አበባ ያለችውን ልጅ፣ አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው። ፊታቸውን ወደ እኔ አዙረው፣ በቀረቻቸው ዓይን አፌን እያዩ ሰሙኝ።

«እና ጋቢናው ብልሽት ስለነበረበት ነው?» አሉ።

«አዎ አባ።»

«ሌላ ምክንያት የለሽም?»

«ወላሂ የለኝም።»

ነርሷ ሌላ ሰው ጠርታ አስገባች። ከዚያ ቀስ ብለው «እኔ የመሰለኝ አፍረሽብኝ ነው። እንዲህ ቆሽሾ ያረጀ ሰው ከጎኔ ሆኖ የቢሮ ሰው እንዳያየኝ ብላ ነው ብዬ ነበር» አሉ። «በዚህ ነው የቀረሁት። ለምን እንዳስቸግራት አልኩ። ብትነግሪኝ ከኋላ ተኝቼ እመጣ ነበር እኮ ልጄ። የኋላው ወንበር ምን አለው?»

ጉልበታቸውን ይዤ አለቀስኩ። አፉ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ አልኩ። አፉ ብያለሁ አሉኝ፣ መረቁኝም። ሰው እያየን ነበር፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰው ዓይን ምንም አልመሰለኝም። ለመጀመሪያ ጊዜ መሆኑ ግን ምን ይጠቅማል? አንድ ሰው በብረት ስብርባሪ እንዳይጎዳ ብዬ ስጠብቀው ዓይኑን አጠፋሁት። ያ ኤርባግ እስከ ዛሬ ድረስ ማንንም አልነካም። ሰዎች ሊያጽናኑኝ ሲመጡ «ቁርኣኑ ደረታቸው ውስጥ ነው፤ ዓይን ምን ያደርግላቸዋል?» ይሉኛል። እናደዳለሁ። አባቴ በድሮ ኪታባቸው ገጾች ዳር ዳር ላይ የጻፉትን ማየት የሚወዱ ሰው ናቸው፤ ዳር ዳሩ ደግሞ አሁን አይታያቸውም።

ዕቃው በመጨረሻ መጣ። ያቺ ትሑት ልጅ ራሷ ደወለችልኝ። ፈቃድ ወስጄ አዲስ አበባ ነዳሁ። ሠራተኛው አሮጌውን አውጥቶ አዲሱን ሲያስገባ እኔ ሻይ ጠጥቼ ሳልጨርስ ጠራኝ። በነፃ ነው፤ አንዲት ወረቀት አስፈርሞ ሸኘኝ። ወረቀቷን ከላይ እስከ ታች ሦስት ጊዜ አነበብኳት። ሠራተኛው «ችግር አለ?» ብሎ ጠየቀኝ። የለም አልኩት።

ለሚቀጥለው ቀጠሮ የጋቢናውን በር ከፍቼ «አባ፣ ተጠግኗል፤ እዚህ ይግቡ» አልኳቸው። ነጭ ጥምጥማቸውን አስተካክለው ገቡ፣ ቀበቶውን አሰርኩላቸው። እንደገና የገበያ ቀን ነበር። መካነ ሰላም መሀል ስንደርስ ሰዉ አያቸው። አንዱ ሌላውን ጎሸም ሲያደርግ አየሁ። አህያ የሚነዱት ቆሙ፣ ሱቅ በር ላይ የተቀመጡት ተነሡ፤ በቀኛችን በኩል፣ በአባቴ መስኮት ትይዩ፣ ሰው ሁሉ እጁን እያነሣ «አሰላሙ ዐለይኩም ሼኪ!» ይላቸዋል። መስኮቱ ተዘግቷል፤ ሞተሩም ይጮኻል። አባቴ ቀጥ ብለው ወደ ፊት ያያሉ።

«አባ፣ ሰዉ ሰላም እያለዎት ነው» አልኳቸው።

«የታሉ?» አሉና እጃቸውን ከፍ አድርገው፣ ፈገግ ብለው፣ ማንም ወደሌለበት ወደ ፊት ለፊቱ መስታወት አወዛወዙ።